ለእሷ ቆርቆሮው ይበቃታል

«ዋናውን አውጥቼዋለሁ» አለ ወንድሟ ከግድግዳው ማዶ። «ለእሷ ቆርቆሮው ይበቃታል።»

ሚጡ የጫማዋን ክር ልታስር እንዳጎነበሰች ቀረች። ግድግዳ ይባል እንጂ ችፑድ ነው፤ አባታቸው ሞቶ ቤቱ ለሁለት ሲከፈል ወንድሟ በአንድ ቅዳሜ አቁሞት ቀለም እንኳ ሳይቀባው የቀረ ስስ ችፑድ። በዚህ በኩል ሲያስነጥሱ በዚያ በኩል «ይማርሽ» ይባላል። የወንድሟ ሚስት ይህን ስለምታውቅ ምስጢር ስታወራ ድምጿን ታጠፋለች፤ ወንድሟ ግን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር በላይ እየጮኸ ሲያወራ ስለኖረ ሹክ ማለት አልፈጠረበትም። ሹክ አልኩ ሲል ጎረቤት ይሰማዋል። ሚስቱ «ቀስ በል፣ ትሰማሃለች» አለችው። እሱም በዚያው ድምፁ «ተኝታለች» አላት። ከዚያም ሽፋኑን መልሶ እንደገጠመው፣ ማንም ልብ እንደማይል፣ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ወስዶ ለሰውዬው እንደሚያስረክብ ነገራት። ብርጭቆ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ብቻ ተሰማ።

ሚጡ ሠላሳን ካለፈች ቆይታለች፤ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ግን ዛሬም ሚጡ ናት። ቀና ብላ አልጋዋ ግርጌ የተቀመጠውን የኮምፒውተር ሳጥን አየችው። ትናንት እንደነበረው ነው፤ ጥቁር፣ ጎኑ የተጫጫረ፣ አናቱ ላይ አባቷ ሻይ ያስቀምጥበት የነበረ ክብ ምልክት ያለበት። አንድ ብሎን ብቻ በደንብ ሳይጠብቅ ወጣ ብሎ ቀርቷል። ትናንት ማታ እሷ ጓሮ ልብስ ስታጥብ ነው ወንድሟ የገባው።

አባታቸው ፎቶ አንሺ ነበር። ወደ መንገዱ የሚያየው የፊት ክፍል ፎቶ ቤቱ ነው፤ የሰፈሩ ሰው መታወቂያ ሲያወጣ፣ ሲመረቅ፣ ሲሞሸር እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዘና» ተብሏል። ሚጡ ትምህርት ከጨረሰች ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጣ የተነሱትን የምታስውበው እሷ ነበረች፤ ብጉር ታጠፋለች፣ የተንጋደደ ኮሌታ ታቃናለች፣ ከረባት የሌለውን ከረባት ታስርለታለች። ኮምፒውተሩን በማውስ እንጂ በካቻቪቴ አታውቀውም፤ ሽፋኑ ተከፍቶ አይታም አታውቅ። አባቷ ገር ሰው ነበር፤ የሚከፋው በስክሪኑ ሲመጡበት ብቻ ነው። ደንበኛ «ይቺ ነገር ትጥፋልኝ» ብሎ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ካሳረፈ ገላጋይ ያስፈልጋል። «በአፍህ ንገረኝ፣ ጣት ቅባት ነው» ይል ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አጎታቸው ሊያካፍላቸው መጣ። አጎታቸው ፍትሕ ማለት እኩል መቁረጥ የሚመስለው ሰው ነው። ወንበሮቹን ለሁለት፣ ብርጭቆዎቹን ለሁለት አደረገ፤ ጎዶሎዋን ብርጭቆ ነገር እንዳታስነሳ ብሎ ራሱ ወሰዳት። ፎቶ ቤቱ ለወንድ ልጅ ሆነ፤ ለምን ብሎ የጠየቀም የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ሲደርስ ትንሽ አሰበና ስክሪኑን ለወንድሟ፣ ሳጥኑን ለሚጡ ሰጠና ዳቦ ቆርሶ እንዳካፈለ ሰው እጁን አራገፈ። ወንድሟ ቴሌቪዥን የሚመስለው ስለደረሰው ደስ አለው። ሚጡም ሳጥኑን ወደ ክፍሏ ወሰደች። ፎቶዎቹ ያሉት ሳጥኑ ውስጥ እንደሆነ ከአባቷ ሰምታለች፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አታውቅም። ደግሞም ከዚያ ሁሉ ሺህ ፎቶ የምትፈልገው አንዱን ነበር።

የእናቷን። ሚጡ እናቷን አታውቃትም፤ ስትሞት እሷ ገና ዳዴ ትል ነበር። አባታቸው ያኔ በሰው ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ወለል የሚጠርግ፣ መብራት የሚይዝ ረዳት ነው፤ የራሱን ካሜራ የገዛው ከሞተች በኋላ ነው። ስለዚህ የእናታቸው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ በሠርጓ ሰሞን የአባታቸው አሠሪ ያነሳት። ያቺም አንዷ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ሳለ ጣሪያው አፈሰሰባትና ከመስተዋቱ ጋር ተጣበቀች። አባታቸው ሊያላቅቃት ሲሞክር የፊቷ ግማሽ መስተዋቱ ላይ ተላልጦ ቀረ። ሚጡ የምታውቀው የተረፈውን ግማሽ ነው፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጉንጭ፣ የከንፈር ጫፍ። አባቷ ያንን ግማሽ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ የጎደለውን ለመሙላት ዓመታት ደከመ። ደንበኛ ሲያልቅ በሩን ዘግቶ ብቻውን ይቀመጣል። «እስቲ ልያት» ስትለው «ሳልጨርሳት አትታይም» ይላታል። ጨርሶ ይሙት ሳይጨርስ ይሙት የሚያውቅ የለም። የወረቀቷን ግማሽ አጎታቸው ማንንም ሳይጠይቅ በአባታቸው የደረት ኪስ ከቶ አብሮ ቀበራት፤ ጥሩ ያደረገ መስሎት። እንግዲህ የእናቷ ፊት የቀረው በዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ ወንድሟ ደግሞ ዋናውን አውጥቶታል።

ቁርስ የሚበሉት አብረው ነው። አጎታቸው ምድጃውን ለሁለት መክፈል ስላቃተው ማዕድ ቤቱ የጋራ ቀርቷል። ወንድሟ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ስለ ጎማ ዋጋ አወራ፤ ድሮ ሁለት ጎማ በሚገዛበት ዛሬ አንድ፣ ያውም ተራ፣ ያውም አንድ ዝናብ የማይችል። ሚጡ ጥፍሮቹን ታያለች። ሁልጊዜ ያለባቸው ጥቁረት የመኪና ቅባት ነው፤ የዛሬው ግን ደረቅ ግራጫ አቧራ ነበር፣ አልጋ ሥር የሚገኘው ዓይነት። በእነሱ ቤት ጮኾ የተጣላ ሰው የለም፤ ቅሬታ ያለው ስኳር አያቀብልም፣ በቃ። ዛሬ ስኳሩን አላቀበለችውም። ወንድሟ ትንሽ ጠበቀና ተነስቶ ራሱ ወሰደ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ገብቷታል። ፎቶ ቤቱን ሊከራይ የመጣ አንድ ፎቶ አንሺ አለ፤ ባለፈው ሳምንት ስክሪኑን አይቶ «ፎቶዎቹስ?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሟ በኩራት ስክሪኑን መታ መታ ሲያደርግ ሰውዬው ሳቀበት። «ይሄማ መስኮት ነው፤ ፎቶ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው። የድሮ ደንበኞች ቅጂ እያሉ ሲመጡ እምቢ ልበላቸው? ዋናውን አምጣልኝ» አለው። ወንድሟ ያን ዕለት ማታ ሳጥኑን በምን እንደምትለውጠው በዘወርዋራ ሚጡን ጠየቃት፤ እሷም «አይለወጥም» አለች። በዚያው ቀረ ብላ ነበር።

«ዛሬ ወዴት ነሽ?» አላት አሁን፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ።

«ዕረፍቴ ነው። ወዲያ ወዲህ እላለሁ።»

«ጥሩ ነው፣ ተናፈሺ።»

ሚስቱ ቀና ብላ ሚጡን አየቻት፤ እንደሰማች የገባት ይመስላል፤ ወዲያው ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረች። የተጠረገውን ቦታ ደግማ ጠረገችው።

እነሱ ሲወጡ ሚጡ ሳጥኑን በአንሶላ ጠቅልላ አቀፈችው። ዋናው ከወጣለት በኋላ ምን እንደሚረባ አላወቀችም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን አቃታት፤ ምናልባት አንድ ነገር ተርፎ እንደሆነ ብላ ነው። ሲነሳ ቀለላት፤ መቅለሉም አስከፋት። አውቶቡሱ ላይ የትኬት ቆራጩ አንሶላውን በጣቱ ገለጥ አደረገ። «ምንድነው?» አለ። ኮምፒውተር ነው አለችው። «ይሠራል?» አላውቅም አለችው። «የሚሠራ ከሆነ እንደ ሰው ይከፍላል፤ የማይሠራ ከሆነ ዕቃ ነው፣ ዕቃም ይከፍላል» አለና ሁለት ትኬት ቆረጠ። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ ሳቁ። ሚጡ መሳቅ አልቻለችም። ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲመታ እንዳይጎዳ በሁለት ክንዷ ይዛ ሄደች። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ውስጡ አንድ የተፈታ ነገር ቋ ይላል፤ እሷም በዚያው ልክ አጥብቃ ታቅፈዋለች።

ሳጥኑን የወሰደችለት ኮምፒውተር ጠጋኝ የሚሠራው የአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። ጣሪያው ደረጃው ራሱ ስለሆነ ከበሩ ጋ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር እየጎበጡ ይሄዳሉ፤ እሱ የሚቀመጠው ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው። ሰው በላዩ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የጫማው ድምፅ ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም። ጠጋኙን ሁሉም «ጸጥታ» ነው የሚለው፤ ለምን እንደሆነ አፉን ሲከፍት ይገባል። ሚጡ ገና አንሶላውን ሳትፈታ ስለ መብራት መቆራረጥ፣ ስለ አከራዩ፣ ደረጃ ሲወጡ እግራቸውን ስለሚጥሉ ሰዎች ጠባይ ነግሯት ጨርሶ ነበር። ብሎኖቹን እያወራ ፈታ፤ ሽፋኑን እያወራ አነሳ። ከዚያ ዝም አለ።

«እዚህ ጋ የነበረውን ምን በላው?»

ሚጡ ጎንበስ ብላ አየች። ከላይ በኩል የአንድ ጡብ ያህል ባዶ ቦታ አለ። የቀረው ሁሉ በአቧራ ተሸፍኗል።

«ዋናውን አውጥተውታል» አለች። «ፎቶ ነበረኝ። ፎቶዎቹን ነው የወሰዱት።»

«ማነው ያወጣው? ሥራው ምንድነው?»

«ሹፌር ነው። ወንድሜ ነው።»

ጸጥታ በሳቅ ፈነዳ። «በቃ! ሞተሩ መስሎት ነዋ። ከባዱ እሱ ነው፤ ሽቦው ሁሉ የሚነሳውም ከሱ ነው። ሹፌር አይፈረድበትም።» አንድ በርጩማ በእግሩ ገፋላት። «ቁጭ በይ እህቴ። የወሰደው ፓወር ሰፕላዩን ነው። የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለእያንዳንዱ በልኩ ያድላል፣ ሥራው ይሄ ነው። ያለሱ ማንም አይነቃም፤ እሱን ግን ፈልፍለሽ ብታዪው አንዲት ጉርድ ፎቶ አታገኚበትም።»

ሚጡ ተቀመጠች እንጂ አላመነችም። ከሰው አፍ የሰማችው «ዋናው» የሚል ቃል ጆሮዋ ውስጥ አለ። «ታዲያ የት ነው ያሉት?» አለች። ጸጥታ አቧራውን በብሩሽ እያራገፈ በካቻቪቴው ጫፍ ያሳያት ጀመር። ሰፊው አረንጓዴ ሰሌዳ ማዘርቦርዱ ነው፤ ሁሉም የሚገናኙት በሱ ላይ ነው፤ እሱ ባይኖር አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው አይተዋወቁም። ማራገቢያው ሥር የተደበቀው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የሚያስበውና የሚያዘው እሱ ነው፤ ሲያስብ ይግላል፣ ለዚያ ነው የራሱ ማራገቢያ የተሰጠው። «አለቃ ሁሉ እንዲህ ነው» አለ ጸጥታ። ከጎኑ የቆሙት ሁለት ቀጫጭን ነገሮች ራም ናቸው። ሚጡ እነሱን በጣቷ ልትነካ ብላ ተወች።

«እዚህ ነው?»

«እዚህ አይደለም። ይሄ አሁን በእጅሽ የያዝሽውን ሥራ ብቻ ነው የሚይዝልሽ። መብራት ሲጠፋ ምንም አያስቀርም።»

አባቷ ማታ ማታ ጠረጴዛውን ባዶ ሳያደርግ አይነሳም ነበር። ቀኑን ሙሉ የተዘረጋው ፎቶ፣ መቀስ፣ ፖስታ አንድም ሳይቀር ተነስቶ መሳቢያ ይገባል፤ ጠዋት ሲመጣ ጠረጴዛው ለአዲስ ሥራ ንጹሕ ነው። «እንደ ጠረጴዛው ነዋ» አለች ሚጡ። ጸጥታ ጠረጴዛውን አላወቀውም፤ ቢሆንም «አዎ፣ እንደ ጠረጴዛ» አለ። «መሳቢያው ደግሞ ይኸውልሽ።» ከታች፣ ጥግ ላይ፣ መዳፍ የሚሞላ ጠፍጣፋ ብረት በአራት ብሎን ተይዟል። «ሃርድ ዲስክ። ያስቀመጥሽው ሁሉ እዚህ ነው፤ መብራት መጣ ሄደ አይመለከተውም። ወንድምሽ አልነካውም። ትንሽ ሆኖበት ንቆት ይሆናል።»

ሚጡ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። መሃል ላይ ሳቁ እንባ ሆነባት፤ በአንሶላው ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ጸጥታ ያላየ መስሎ ከመደርደሪያ የራሱን ፓወር ሰፕላይ አወረደ።

ሽቦዎቹን ሰክቶ፣ የራሱን ስክሪን አገናኝቶ ሲያበራው ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆነ፤ ሳጥኑም ረጃጅም ጩኸት አሰማ። የሚጡ ፊት ሲለወጥ አይቶ «እየነገረን ነው፤ ራሙን አላገኘሁትም እያለ ነው» አለ ጸጥታ። አጥፍቶ ሁለቱን ራሞች ነቀለ፤ ከመሳቢያው የተማሪ ላጲስ አውጥቶ ቢጫማ ጥርሶቻቸውን ቀስ እያደረገ አሸ። የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ ብሎ መለሳቸው። አሁን አንድ አጭር ድምፅ ብቻ ሰማች፤ ከዚያ ከጥጉ፣ ከመሳቢያው በኩል፣ ጥፍር ወረቀት ሲጭር የሚመስል ትንሽ ኮሽታ። ይህን ኮሽታ ታውቀዋለች። አባቷ አንድ ፎቶ ሲከፍት ከጠረጴዛው ሥር ይሰማት የነበረው ነው። ስክሪኑ በራ። ቀኑ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ ቀን ነበር። «ሰዓት የምትይዝለት ትንሽ ባትሪ አለችው፤ እሷ አልቃ ነው» አለ ጸጥታ። «ጤነኛ ነው፤ ዛሬ ስንት እንደሆነ ብቻ አያውቅም።» ሌላ ደንበኛ ሲመጣበት ማውሱን ወደ እሷ ገፍቶ ተነሳ።

ፈልጋ አልደከመችም። ፎልደሩ «እሷ» ይላል። አባቷ እናታቸውን በስም ጠርቷት አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ እሷ ናት። ውስጡ ብዙ ሙከራ አለ፤ የመጨረሻውን ከፈተች።

አንዲት ወጣት ሴት አየቻት። ሁለት ዓይን፣ ሁለት ጉንጭ፣ ሙሉ አፍ። የምታውቀው ግማሽ በግራ በኩል አለ፤ በቀኝ በኩል ያለውን ግማሽ አታውቀውም፣ ቢሆንም አልከበዳትም፤ እንደለመደችው ነገር አየችው። ለምን እንዳልከበዳት ቆይቶ ገባት። ፎቶ ስታስውብ የኖረች ሰው ናት፤ አባቷ ከላይ የደረበውን ንብርብር ለይታ አንድ ጊዜ ብታጠፋው የእናቷ ቀኝ ግማሽ ጠፋ፤ መልሳ ብታበራው መጣ። የንብርብሩን ስም አነበበች። «ሚጡ» ይላል።

በየዓመቱ፣ ዝናቡ አልፎ ብርሃኑ ሲጠራ፣ አባቷ ያቺ ወንበር ላይ ያስቀምጣትና «ወደ መስኮቱ ዞር በይ፣ ብርሃን ልለካ» ይላት ነበር። ብርሃን ሲለካ ነው ብላ ትቀመጥለታለች፤ አንዳንዴም ሰልችቷት ታጉረመርማለች። ለካ ፊቷን ሲለቅም ነበር። የእናቷ ዕድሜ ላይ እስክትደርስ ጠብቆ፣ ዓይኗን ወስዶ፣ ጉንጯን ወስዶ እዚያ አገጣጥሞታል። ሚጡ ስክሪኑን ስታይ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ደስ ብሏታል፤ ከደስታው ሥር ግን ሌላ ነገር አለ። እናቷን ልታይ መጥታ ግማሹን ራሷን ነው ያገኘችው። ይቺ ሴት እውነት እናቷን ትመስላለች ወይስ አባቷ በናፍቆት የሠራት ሌላ ሴት ናት? ይህን ለመፍረድ የእናታቸውን ሙሉ ፊት ያየና የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። አባቷ የለም፤ አጎታቸውም ያኔ ሩቅ አገር ስለነበር አላያትም። እናታቸው ስትሞት ልጅ የነበረ፣ ግን ነፍስ ያወቀ አንድ ሰው ነው የቀረው፤ እሱ ደግሞ አሁን ፓወር ሰፕላይ ተሸክሞ ፎቶ አስረክባለሁ ብሎ እየሄደ ነው።

ጸጥታ ተመልሶ መጥቶ ሽፋኑን ሲገጥም «አሮጌ ፓወር ሰፕላይ አለኝ፣ በደህና ዋጋ ልስጥሽ? ወንድምሽ የሱን ይታቀፈው» አላት። ሚጡ አሰበች። ብትገዛው ከወንድሟ የምትፈልገው ነገር አይኖርም። ችፑዱን በጡብ ማስለወጥ ትችላለች፣ ስኳርም ማቀበል አይጠበቅባትም። ሰው ሁሉ ተገቢ ነው የሚላት ይህን ብታደርግ ነው። «አይ፣ የራሱ ይሻለዋል» አለች። አራቱን ብሎን የት የት እንደሚገባ፣ የትኛው ሽቦ የት እንደሚሰካ ብቻ እንዲያሳያት ጠየቀችው። እሱም አሳያት፤ ስለ ባለቤቱ እናት ጤናም አብሮ ነገራት።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የፎቶ ቤቱ በር ክፍት ነው። ስክሪኑ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ፣ ወንድሟ የአባታቸው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ ሥር ሽቦው የተንጠለጠለበት ፌስታል አለ። ፊቱን ስታይ ነገሩ ምን እንደደረሰ መጠየቅ አላስፈለጋትም። እንዲያም ሆኖ እሱ ነገራት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹክ እንደሚል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሳቁብኝ። አምስት ሰው ባለበት። ኤሌክትሪክ ይዞ መጥቶ ፎቶ ነው ይለናል አሉኝ።»

ሚጡ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። አንሶላውን እየፈታች «ጠዋት ሰምቼሃለሁ» አለችው። «በግድግዳው።»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። ከውጭ አንድ ሻጭ እየጮኸ አለፈ። «ብትሰጪኝ ኖሮ አልሰርቅሽም ነበር ልል ነበር፤ አያምርም» አለ በመጨረሻ። «ለሰውዬው የደንበኞቹን እገለብጥለታለሁ» አለች ሚጡ። «የእኛ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም፣ ወንድም ጋሼ።» እሱም ራሱን ነቀነቀና ፌስታሉን አነሳ። ፓወር ሰፕላዩን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። አቧራውን ጠርጎት ነበር።

ቦታው ላይ ከተተችው፤ እሱ ደግፎ ያዘላት፣ እሷ አራቱን ብሎን አጠበቀች። ሽቦዎቹን እንዳየችው ሰካች፤ አንዱ እምቢ ሲላት ወንድሟ ከመኪናው የተማረውን ጉልበት ተጠቅሞ ጠቅ አደረገው። ስክሪኑን አገናኙ። ማራገቢያው ዞረ፣ አጭሩ ድምፅ መጣ፣ ከጥጉ ኮሽታው ተሰማ። ፎልደሩን ስትከፍት ወንድሟ ስሙን አነበበውና ከወንበሩ ተነሳ።

«እኔ ልሂድ፣ መኪናውን አጥባለሁ።»

«አባባ ይጠራህ ነበር አይደል? ና እይልኝ እያለ።»

«ይጠራኝ ነበር።»

«ለምንድነው ያልመጣህለት?»

ወንድሟ በሩ ላይ ቆመ። ጀርባውን ሰጥቷት ነው የተናገረው። «እኔ ጋ ሙሉዋ አለች፣ ሚጡ። ዓይኔን ስጨፍን ትመጣለች። የሱን ፎቶ ካየሁ በሷ ቦታ እሱ ይተካብኛል ብዬ ፈራሁ። ከሷ የቀረኝ ያ ብቻ ነው።»

ሚጡ ማውሱን ለቀቀችው። እሷ ጋ ምንም ስላልነበረ ማጣት የሚያስፈራ መሆኑን አስባው አታውቅም። «እኔ ጋ ግን የለችም» አለች። «የኔን ፊት ነው ያሟላበት። እሷን ትምሰል አትምሰል የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።»

ከማዶ ሚስቱ እራት ደርሷል ብላ ተጣራች። ወንድሟ ከበሩ ተመለሰ፤ ቀስ ብሎ ከሚጡ ጎን፣ ሚጡ ድሮ ትቀመጥበት በነበረው ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷ እሱ የለቀቀው የአባታቸው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ፎቶውን ከፈተችው። እሱ መጀመሪያ ስክሪኑን አላየም፣ ኪቦርዱን ነው ያየው፤ ከዚያ ዓይኑን አነሳ። አፉን በእጁ ጀርባ ያዘ። ሚጡ ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም፤ የምትጠብቀው መልስ ፊቱ ላይ ቀድሞ ይመጣ እንደሆነ ታያለች።

«ግንባሯ ራሱ ነው» አለ። «አንገቷም። ይሄኛው ዓይን ግን የሷ አይደለም።»

«የኔ ነው።»

«አውቄዋለሁ። የሷ ከዚህ ይጠብ ነበር። ለመሳቅ ስታስብ፣ ገና ሳትስቅ፣ ይሄኛው ቀድሞ ይጠባል።» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «አባባ አልረሳውም ነበር እኮ። እርግጠኛ መሆን ፈልጎ ነው። እኔን ነበር የሚጠብቀው።»

ሚጡ ማውሱን ያዘች። «አሳየኝ» አለችው።

ወንድሟ እጁን ዘረጋና ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ የዓይኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ጥፍሩ ሥር ያ ግራጫ አቧራ አሁንም አለ።

«እዚህ ጋ። ትንሽ ዝቅ። አሁንም ትንሽ… እእ፣ አልፈሽዋል፣ መለስ በይ። እዚህ ጋ።»

ጣቱን አላነሳም፤ እሷም ጣት ቅባት ነው አላለችውም።